አንድ ፎልደር፣ ሦስት ዲስክ፦ ካሴቶቼ የት የት ነው የሚቀመጡት?

ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬም ከደሴ ነኝ። ይሄ ጠረጴዛ ስር የምታዩት ኮምፒውተር ውስጥ አራት ሃርድ ዲስክ አለ፣ ሁለቱ ባለ 8 ቴራ፣ አንዷ ባለ 3 ቴራ፣ አራተኛው ፓሪቲ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

(ስክሪን፦ «ቅኝት» የሚለው ፎልደር ይከፈታል)

ከላፕቶፔ ስገባ የማየው አንድ ፎልደር ነው፣ ቅኝት፣ ውስጡ ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺሆዬ፣ ሰው ቤቱ ያስቀመጠውን ካሴት እየሰጠኝ የገለበጥኩት ነው። አሁን ዲስኮቹን ለየብቻ ልክፈታቸው፣ አያችሁ፣ ዲስክ 1 ላይም ቅኝት አለ ዲስክ 2 ላይም አለ። ይሄን ኮምፒውተር የሚያሰራው አንሬድ የሚባለው ሲስተም በየዲስኩ ያሉትን ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ፎልደሮች አገናኝቶ እንደ አንድ ሼር፣ ማለትም እንደ አንድ የጋራ ፎልደር፣ ያሳየናል። ፋይል ግን አይቆራርጥም፣ አንድ ፋይል ሙሉውን አንድ ዲስክ ላይ ነው።

አዲስ ፋይል ሲመጣስ? የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚጻፍ የሚመርጥበት መንገድ አለው፣ ካልነካችሁት ሃይ ዋተር በሚባለው ነው የሚሰራው። የትልቁን ዲስክ ግማሽ እንደ መስመር ይይዛል፣ የኔ 4 ቴራ ማለት ነው፣ ዲስክ 1ን 4 ቴራ ባዶ እስኪቀረው ይሞላዋል፣ ከዛ ዲስክ 2ን እንደዛው፣ ባለ 3ቷ ሲጀመር ከ4 በታች ስለሆነች ይዘላታል፣ ቀጥሎ መስመሩን ወደ 2 አውርዶ እንደገና ከዲስክ 1 ይጀምራል፣ ያኔ እሷም ተራዋ ይደርሳል። ሌሎች መንገዶችም አሉ፣ ፊል አፕ አንዱን ሳይሞላ ሌላውን አይነካም፣ ሞስት ፍሪ ብዙ ባዶ ያለውን ይመርጣል።

ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ የምለው ግን ስፕሊት ሌቭልን ነው፣ ፎልደር እስከ ስንተኛ ደረጃ ድረስ በተለያዩ ዲስኮች ላይ መከፈል እንደሚችል የሚወስነው። አንድ አባት ከሐይቅ ይዘውልኝ የመጡት የመሲንቆ ካሴት አለ፣ ሰርግ ላይ የተቀዳ፣ 60 ደቂቃ ነው፣ በ24 ቢት በ96 ኪሎ ኸርዝ ስገለብጠው 2 ጊጋ ገደማ ሆነ። ሳይድ ኤ፣ ሳይድ ቢ፣ የሽፋኑ ፎቶ፣ እሳቸው ማን እየተጫወተ እንደሆነ የነገሩኝ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ እነዚህ መለያየት የለባቸውም! ስለዚህ ከላይ ሁለት ደረጃ ብቻ ይከፈል ብዬዋለሁ፣ ቅኝትም ባቲም በየዲስኩ ሊኖሩ ይችላሉ፣ የካሴቱ ፎልደር ግን የተፈጠረበት ዲስክ ላይ ይቆያል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ስፕሊት ሌቭል ሃይ ዋተርን ይሽረዋል፣ ዲስኩ ቢሞላም እዛው ልጻፍ ይላል፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የለም የሚል ኤረር ይመጣል። ለዛ ነው ሚኒመም ፍሪ ስፔስን፣ ዲስኩ ላይ ባዶ መቅረት ያለበትን ትንሹን ቦታ፣ 20 ጊጋ ያደረግኩት፣ ባዶው ከዛ ካነሰ አዲስ ካሴት እዛ ዲስክ ላይ አይጀመርም፣ የተጀመረው ግን ማለቂያ ቦታ ያገኛል።

አሁን ወደ ፓሪቲው፣ እሱ የሚይዘው ፋይል ሳይሆን ከሌሎቹ ዲስኮች የተሰላ ሂሳብ ነው። ከትልቁ ዲስክ ማነስ የለበትም፣ የኔም 8 ነው። አንድ ዲስክ ቢበላሽ አብሽሩ፣ አዲስ ገዝታችሁ ስትቀይሩት ከሌሎቹ አስልቶ ይመልሰዋል። ሁለት አንድ ላይ ከሄዱ የሁለቱ ይጠፋል፣ የቀረው ግን ለብቻው ይነበባል። በስህተት ያጠፋችሁትን ፋይል ግን ፓሪቲ አይመልስም፣ ስለዚህ እኔ ሁለተኛ ኮፒ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አለኝ።

(ስክሪን፦ አዲስ የአምባሰል ካሴት ይገለበጣል፣ አራቱም ፋይሎች ዲስክ 2 ላይ ይታያሉ)