ሳይጠየቁ «እሺ» ማለት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣

ኮሚቴው ዛሬ እንድናገር የጠየቀኝ በአጀንዳው መጨረሻ ላይ የሰፈረውን የውሳኔ ሐሳብ እንዳስረዳ ነው። ጉዳዩ መንግሥት በእኛ ስም አስቀድሞ ስለሚመርጣቸው ምርጫዎች፣ ማለትም «አልፈልግም ካላልክ ፈልገሃል» ስለሚሉ ሕጎች ነው። የእነዚህ ሕጎች ጠላት አይደለሁም። የምቃወመው ሰው በቅጡ ሳይጠየቅ ዝምታው እንደ ፈቃድ መቆጠሩን ነው።

ከጡረታው ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በተተገበረው ሕግ መሠረት፣ በዚህ አገር፣ በብሪታንያ፣ ዕድሜው 22 ዓመት የሞላና በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ተቀጣሪ፣ የመንግሥት ጡረታ መውጫ ዕድሜ ካልደረሰ በቀር፣ ሳያመለክት ወደ ጡረታ ዕቅድ ይገባል። ያኔ በጽዳት፣ በመኪና ማቆሚያና በአረጋውያን እንክብካቤ የምንሠራ ሁሉ የደመወዝ ወረቀታችንን ይዘን እንዴት እንደተንጫጫን ታስታውሳላችሁ። አገር ቤት «በፈቃደኝነት» እየተባለ የሚቆረጥ ደመወዝ ስለምናውቅ ብንደነግጥ አይፈረድብንም። ኋላ ግን ረገብን። ደብዳቤው በየስማችን መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ለወጣ ሰው የተቆረጠው ገንዘብ እንደሚመለስለት በግልጽ ተጻፈ፤ አሠሪውም ከኪሱ እንደሚጨምር፣ ድርሻውም ውሎ አድሮ ቢያንስ 3 በመቶ እንደሚሆን ተነገረን። መውጣት የፈለገ ወጣ፤ ማንም ክፉ ዓይን አላሳየውም።

ከሞት በኋላ የሚደረገው የሰውነት ክፍል ልገሳ ግን እንዲህ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሜይ 20 ቀን 2020 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላ፣ አእምሮው የተስተካከለና እዚህ ቢያንስ ለ12 ወራት የኖረ ሰው «አልለግስም» ብሎ ካላስመዘገበ ለመለገስ እንደተስማማ ይቆጠራል። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ወረርሽኙ ከቤት ያስቀረን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም መስጊዳችንም የተዘጉበት፣ ዕድራችን ሬሳ እንኳ በወጉ መሸኘት ያልቻለበት ወቅት ነበር። ተሰብስበን የምንነጋገርበት በር ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ዝምታችን መቆጠር ጀመረ! ይህን «ተነግሯችሁ ነበር» የሚለኝ ሰው ካለ፣ የት ቆሞ፣ በምን ቋንቋ፣ ለማን እንደተናገረ ያስረዳኝ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ በአንድ ሆስፒታል በአስተርጓሚነት ተጠራሁ። ቤተሰቡ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስም ግን አልጠራም። አንድ ጎልማሳ ወገናችን አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ተናግረዋል። የልገሳ ነርሷ፣ እውነቱን ለመናገር ትሑትና ታጋሽ ሴት ነበረች፣ ባለቤቱን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ «ስለ ልገሳ አንስቶልሽ ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቱ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ «ስለ ኩላሊቱ የሚያወራ ባል የትኛው ነው?» አለች። ነርሷም በሕጉ መሠረት ካልተቃወመ እንደተስማማ እንደሚቆጠር ገለጸች፤ እኔም ተረጎምኩ።

ከጎንደር በስልክ ይከታተሉ የነበሩት ታላቅ ወንድሙ «ታዲያ መቼ ጠየቃችሁት?» አሉ። በቴሌቪዥን ተነግሮ እንደነበር ተመለሰላቸው። «ሌሊት እየሠራ ቀን የሚተኛ ሰው የትኛውን ቴሌቪዥን ይይ?» አሉና ጥቂት ቆይተው፣ «ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ከተባለማ፣ እኛ ያልተስማማንበት መንግሥት አልነበረም!» አሉ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ባለቤቱ ፈገግ ስትል አይቻለሁ።

ከዚያ ነርሷ ወደ እርሷ ዞራ ሐሳቧን ጠየቀቻት። እርሷ አንገቷን ደፋች፤ ቃል አልወጣትም። ነርሷ ብዙ ከጠበቀች በኋላ ማኅደሯን ዘግታ «ቤተሰቡ እንደማይደግፈው ተረድቻለሁ» አለች። የባል ዝምታ «እሺ»፣ የሚስት ዝምታ «እምቢ» ተብሎ በአንድ ክፍል ውስጥ ተመዘገበ። ነርሷ አልተሳሳተችም፤ ፊት አይታ ነው የፈረደችው። ሕጉ ግን ፊት አያይም። እኛ ደግሞ ሽማግሌ ልከን ልጅ ስንጠይቅ፣ አባትየው የመጀመሪያ ቀን ዝም ስላሉ ድንኳን የማንተክል ሰዎች ነን፤ ተመልሰን ሄደን እንደገና እንጠይቃለን።

ይህን ያልኩት እምቢታውን ለማወደስ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ያህል ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር የሚታሰሩ ወገኖች በመካከላችን አሉ። በዚህ አገር ጥቁሮችና እስያውያን ኩላሊት ለማግኘት ከነጮቹ ይበልጥ እንደሚጠብቁ፣ ተስማሚ ኩላሊትም ከራስ ወገን የመገኘት ዕድሉ ሰፊ እንደሆነ ይታወቃል። «ባህላችን አይፈቅድም» የሚለውንም አልቀበልም፤ አገር ቤት ከሞት በኋላ የዓይናቸውን ብሌን ለመስጠት በሕይወት ሳሉ ቃል ገብተው የሚፈርሙ ሰዎች የእኛው ወገኖች ናቸው። ልዩነቱ እነርሱ ተጠይቀው መፈረማቸው ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ተመሳሳይ ሕግ ባላት በኦስትሪያ የፈቃደኞች ብዛት 99.98 በመቶ፣ ሰው ራሱ «አዎ» ካላለ በማይቆጠርባት በጀርመን ግን 12 በመቶ ብቻ ነው ይላል። የኦስትሪያው ቁጥር «አልፈልግም» ብሎ ያላስመዘገበው ሁሉ የተደመረበት ነው፤ ስንቱ ቢጠየቅ «አዎ» ይል እንደነበር አይነግረንም። ስፔን ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በልገሳ ዓለምን መምራት የጀመረችው ግን በ1989 ብሔራዊ ድርጅት አቋቁማ፣ በየሆስፒታሉ የሠለጠኑ አስተባባሪዎች መድባ፣ ቤተሰብን በወጉ ማነጋገር ከያዘች በኋላ ነው። የድርጅቱ መሥራች ዶክተር ራፋኤል ማቴሳንዝ ራሳቸው ውጤቱን ያመጣው ሕጉ ሳይሆን አሠራሩ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል።

የውሳኔ ሐሳቡ አጭር ነው። የአባልነት እድሳት ሲደረግ ማኅበሩ እያንዳንዱን አባል ፊት ለፊት፣ በሚገባው ቋንቋ ይጠይቅ፤ «አዎ» ያለውንም «አይ» ያለውንም በብሔራዊው የልገሳ መዝገብ እንዲያሰፍር ያግዘው፤ ለቤተሰቡም እንዲነግር ያሳስበው። በቅጹ ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን አይኑር።

የራሳችን ዕድርም ከዚህ አያመልጥም። አባሉ በጽሑፍ ካልከለከለ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላካል የሚለው ደንባችን ያው ነው፤ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ስለዚህ ተጠይቀው አያውቁም። እሱም በቅጹ ይካተት።

አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሂድ። ክቡር ሰብሳቢ፣ «የሚቃወም አለ? ከሌለ ጸድቋል» የምንለውን የቆየ ልማዳችንን ለዛሬ ትተው፣ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም እጅ አንድ በአንድ ያስቆጥሩልን።