ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ፣ አዲሷ ልጅ ማሽን ላይ

ውድ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ! በሳምንት አንድ ያለችንን እሁድ ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ታቀርበዋለች፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን። እኔ የማወራው ስለ ሥልጠና ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ለሥልጠና ልከናል። አዳማ ሄደናል፣ ቢሾፍቱ ሄደናል። ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማኅበሩና አሠሪው ስለሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ ስለ ድርድር ተምረናል፤ ቦርሳና ደብተር ተሰጥቶን፣ አበላችንን ተቀብለን፣ ፎቶ ተነስተን ተመልሰናል። ሥልጠናው መጥፎ ነበር አልልም፣ እኔም ብዙ ያወቅኩት እዚያ ነው። ግን ሰኞ ጠዋት ወደ መስመራችን ስንመለስ የተማርነው ደብተራችን ውስጥ ይቀራል። አጠገባችን ለምትሠራው ልጅ ምንም አይደርሳትም። እኛ አወቅን፣ ማኅበሩ ግን አንድ ሰው እንኳ አልጨመረም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ዘንድሮ ስፌት ክፍል በምሳ ሰዓት ያየሁትን ልንገራችሁ። ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን ላይ የምትሠራ እህታችን፣ ከሥልጠና በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ከቆረጣ ክፍል የተረፈ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋችና የደመወዝ ስሊፗን አውጥታ ማስላት ጀመረች። የወር ደመወዟ 3,120 ብር ነው። ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ብር ይመጣል። አንድ እሁድ 8 ሰዓት ሠርታለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለሠራ ሰው እጥፍ ይከፈለው ይላል፣ ስለዚህ 240 ብር። ስሊፑ ላይ የተጻፈው ግን 180 ነው። እንደ አዘቦት ቀን ኦቨርታይም በአንድ ተኩል አባዝተውታል። «60 ብሬስ?» አለች፣ ጮክ ብላ። ዙሪያዋ የነበሩት ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከድነው የየራሳቸውን ስሊፕ ፍለጋ ተነሱ። ወረቀቷ በሌሎች ቁጥር ተሞላች። በዚያው ሳምንት 11 ልጆች የአባልነት ፎርም ሞሉ፣ የለመናቸው ሰው የለም። ከአስተዳደሩ ጋርም ተነጋግረን ልዩነቱ ተከፈለ።

እሷ ከእኛ የበለጠ ሥልጠና አልወሰደችም። ያወቀችውን ግን በሦስተኛው ቀን ሰው ፊት ዘረጋችው። እኛ የትምህርት ክፍሉን ለብቻ፣ የማደራጀቱን ክፍል ለብቻ አድርገን፣ ሁለቱ የሚገናኙት በዓመት አንዴ፣ እንዲህ እንደ ዛሬው ሪፖርት ላይ ሆኗል።

ደግሞ አዲስ ገቢዎቹን አስቡ። አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ ስትቀጠር ድርጅቱ ማሽኑን ያሳያታል፣ በሰዓት ስንት ፒስ እንደምታወጣ ይነግራታል። መብቷን የሚነግራት የለም። የሙከራ ጊዜዋ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለች። ስለዚህ ትፈራለች፣ አይፈረድባትም። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ለመባረር ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ አንቀጽ 26 ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ግን እሷ ይህን ከማን ትስማ? ክር እንዴት እንደሚገባ፣ መርፌ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ ያሳየቻት አጠገቧ ያለችው ነባር ሠራተኛ ናት። ስለ ማኅበሩም የምታምነው እሷን ነው። እኔ በስብሰባ ማይክ ይዤ ብነግራት ያን ያህል አይገባትም።

የድሮዎቹም የጀመሩት እንዲሁ ነው። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ፕሮጀክተርም ቦርሳም አልነበረም። ሠራተኛው ከዚያ በፊት በዕድርና በመረዳጃ ማኅበር ተሰባስቦ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሳይከፈለው ቀረ እየተባባለ ነው የተማረው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ነገር ለውሳኔ ያቀርባል፣ ከሰዓት ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። አንደኛው፣ ከአሁን በኋላ በማኅበሩ ስም ሥልጠና የሚሄድ ሰው በተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመስመሩ አምስት ሰዎችን ይዞ በምሳ ሰዓት ይቀመጣል፤ ሪፖርት የሚጽፈውም ስለተማረው ሳይሆን ስለነዚያ አምስት ሰዎች ነው፣ ምን ጠየቁ፣ ምን ቅሬታ አላቸው፣ ስንቱ አባል ሆነ። ሁለተኛው፣ በቀጣዩ የኅብረት ስምምነት ድርድር አዲስ ሠራተኛ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ማኅበሩ አንድ ሰዓት እንዲሰጠው እንጠይቃለን። አስተዳደሩ በቀላሉ እሺ ይላል ብዬ አልጠብቅም። እስኪሰጡን ግን የሻይ ሰዓት አለን፣ የሰርቪስ መኪና ውስጥ መንገድ አለን።

የወሩን ስሊፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ በሻይ እረፍት ወደ በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ። ያቺ እህታችን ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛ እዚያ ተቀምጣለች።