አድራሻ በእጅ አትጻፉ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ደሴ ያላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጠየቅሁት ስለ አውቶሜሽን በጠቅላላው እንድናገር ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስክሪፕት ውስጥ በእጅ ስለሚጻፍ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም አንድ ሰርቨር በኔትወርክ ላይ ስለሚታወቅበት ቁጥር።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ወደየቢሯችን ስንመለስ ምን እንደጠበቀን ታስታውሳላችሁ። የሰርቨር መደርደሪያው ራክ ባዶውን ቆሟል፤ ኬብሉ ተቆራርጧል። እኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት የተረፈውን ከተገዛው ጋር አገጣጥሞ ሲነሳ፣ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ የዌብ ሰርቨር ተተከለ። ሥራውን የያዘው ወጣት የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ሰርቨሮችን ሁሉ ከአንድ ቦታ በምናዋቅርበት በአንሲብል፣ ኢንቬንተሪው (የሰርቨሮቹ መዝገብ) ላይ «ዌብ» ከሚለው ግሩፕ አዲሱን ሰርቨር አስገባ፤ ፕሌይቡኩን (የትእዛዝ ዝርዝሩን) በሁሉም ሰርቨሮች ላይ አስኬደ፤ ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። በማግስቱ ደንበኛ ተሰልፎ ሲስተሙ እምቢ አለ። ልጁ በሚኒባስ ሐረጎን ወረደ። ኬብል ነቀለ፣ ሰካ፣ ስዊች ቀየረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰም።

ችግሩ ግን ያለው ደሴ ነበር! እዚህ ያለው የዳታቤዙ ፋየርዎል፣ ያ የኔትወርክ በር ጠባቂ፣ የሚያሳልፋቸው አድራሻዎች አንሲብል እሱን በሚያዋቅርበት ቴምፕሌት (የቅንብር ፋይሉ ንድፍ) ላይ አንድ በአንድ በእጅ ተጽፈዋል፤ አዲሱ ሰርቨር እዚያ የለም። ያን ቴምፕሌት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ግን ለልጁ ነው!

ኢንቬንተሪው እኮ ያውቀው ነበር! አንሲብል የየግሩፑን አባላት «ግሩፕስ» በሚባል ቫሪያብል፣ የእያንዳንዱን ሰርቨር መረጃ ደግሞ «ሆስትቫርስ» በሚባለው ያቀርብልናል። ዌብ ግሩፕ ውስጥ ያሉትን እየዞረ አድራሻቸውን ከሆስትቫርስ የሚያመጣ አንድ ሉፕ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ ያስኬደው ያው ፕሌይቡክ ፋየርዎሉንም ይከፍተው ነበር። የሰርቨር አድራሻ የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኢንቬንተሪው ላይ! ሌላ ቦታ የጻፈ ሰው ለማያውቀው ባልደረባው ጉድጓድ ቆፍሯል!

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፕሌይቡኩን ለዳታቤዙ ብቻ ለይታችሁ ካስኬዳችሁ፣ አንሲብል የዌብ ሰርቨሮቹን አላነጋገራቸውምና ከነሱ የሚሰበስበው አድራሻ ሆስትቫርስ ውስጥ አይገኝም፤ ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። አስቀድማችሁ የሁሉንም መረጃ ሰብስቡ፣ ወይም «አንሲብል ሆስት» ብላችሁ አድራሻውን እዚያው ኢንቬንተሪው ላይ አስፍሩ።

 

ኃላፊዎቻችንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ያ ማስጠንቀቂያ ዛሬም ከልጁ የግል ማኅደር አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራተኛው ይኸው በእጄ ነው፤ ከመድረኩ እንደወረድኩ አስረክባለሁ።