ምሳውን ሳይቀር የጻፈው ቄስ፦ በዓመታዊ ስብሰባችን የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! ኑ ግቡ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ፊት ያለው ወንበር ዘንድሮም ባዶ ነው፣ እኛ ሐበሾች ቤተክርስቲያንም አዳራሽም ከኋላ ነው ምንሞላው። በዙም የገባችሁ ማይካችሁን ዝጉልን፣ የሆነ ሰው ቤት ሽንኩርት እየተቁላላ ነው፣ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ጸሐፊያችን አስር ደቂቃ ብላኝ ሰዓቷን ይዛ ተቀምጣለች ስለዚ ልግባበት። ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያነበብነው የእንግሊዝና የዌልስ የገጠር ቄሶች የጻፉትን ነው። ሀሳቡን መጀመሪያ ያመጣሁ ቀን ምን እንደተባልኩ ታስታውሳላችሁ፣ «የራሳችን ቄሶች መች አለቁና ነው የአንግሊካን ቄስ ምናነበው» ያሉኝ ጋሼ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ስም አልጠራም፣ ቦርሳቸው ውስጥ ግን ከነዚሁ ቄሶች የአንዱ፣ የውድፎርድ መጽሐፍ አለ፣ አይቻለሁ። ዓመተ ምህረት ስጠራ ደሞ ሁሉም በፈረንጅ ነው፣ እንዳንደናገር።

እኔ እነዚህን ሰዎች በትምህርት ቤት አይደለም ያወቅኳቸው። እዚህ አገር በመጣሁ በሶስተኛው ዓመት ኬር ሆም፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሰራ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፣ ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ አይችሉም፣ ከራስጌያቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ እየሰጡኝ «ሁለት ገጽ ብቻ» ይሉኛል። ከነዚሁ የገጠር ቄሶች አንዱ የሆነው የፍራንሲስ ኪልቨርት ዲያሪ፣ የዕለት ማስታወሻው ነበር። እንግሊዝኛዬ ያኔ ገና ነው፣ የቦታ ስም ላይ ስደናቀፍ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ያርሙኛል፣ ክላይሮ በይ፣ ብሬድዋርዲን በይ እያሉ። አንድ ሌሊት የ1870ን የገና ዕለት አነበብኩላቸው። ሰውዬው ጠዋት ተነስቶ ሊታጠብ ገንዳው ውስጥ ቁጭ ሲል ውሃው ግግር በረዶ ሆኗል፣ በረዶው ከስሩ ይሰበርና ስባሪው እንደ ጠርሙስ ዙሪያውን ቆሞ ይወጋዋል፣ እሱ ግን እንደምንም ታጥቦ ለብሶ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሄደ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ነርሷ ሮጣ መጥታ ምን ሆናችሁ አለችን። የኔ ነገር ከዛ ሌሊት ጀመረ።

እንግዲህ ቄሶቹን ለመረዳት መጀመሪያ ማን ምን እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እኔ እንኳን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሬክተር ማለት የአጥቢያውን አስራት ሙሉውን የሚወስድ ነው። ቪካር ትንሹን አስራት ብቻ ያገኛል፣ ትልቁ የእህሉ ለባለመሬት ወይ ለሌላ ባለመብት ይሄዳል። ኪዩሬት ደሞ ስራውን ሁሉ የሚሰራው ተቀጣሪ ነው፣ ኬር ሆም የሰራችሁ ገብቷችኋል። ሹመቱም በጳጳሱ እጅ ብቻ አልነበረም፣ አንዱ ደብር የአንድ ጌታ፣ ሌላው የኦክስፎርድ ኮሌጅ፣ መብቱ እንደ ንብረት ይሸጥ ይለወጥ ነበር። አስራቱ በዓይነትም ይከፈል ነበር፣ የ1836ቱ ህግ ነው ጠቅልሎ ወደ ገንዘብ የቀየረው። የሰሞን መሬት ነገር ቤተሰቡ ውስጥ ሲወራ ለሰማ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም።

ውድፎርድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም ብዙ ያጨቃጨቀን እሱ ስለሆነ። ጄምስ ውድፎርድ በ1740 ተወለደ፣ የተማረበት የኦክስፎርዱ ኒው ኮሌጅ ኖርፎክ ውስጥ ዌስተን ሎንግቪል የሚባል ደብር ሰጠው፣ በ1776 ገብቶ በ1803 እስኪሞት እዛው ኖረ። ሚስት አላገባም፣ ናንሲ የምትባል የወንድሙ ልጅ አብራው ነበረች። ከ40 ዓመት በላይ ዲያሪ ጻፈ፣ ግን ስብከት የለበትም፣ ስለ እግዚአብሔርም ብዙ አይል። ምን በላሁ፣ ማን መጣ፣ ስንት ከፈልኩ፣ ካርታ ስንት ተበላሁ፣ ይሄው ነው። እህቶቻችን በመጀመሪያው ወር ላይ «ይሄ ቄስ ነው ወይስ ደረሰኝ» አላላችሁም? ልክ ነበራችሁ፣ ግን ደረሰኙን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

በ1777 ማርች 29 ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሊተኙ ሲሉ ሳሎኑ መስኮት ስር ፉጨት ይሰማል፣ ይደነግጣሉ፣ ለካ የኮንትሮባንድ ነጋዴው አንድሩስ ነው፣ 6 ፓውንድ የሚመዝን ሻይ ቅጠል በከረጢት ይዞ መጥቷል። ቄሱ ጂን ቀዳለት፣ በፓውንድ 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ሂሳብ 3 ፓውንድ ከ3 ሺሊንግ ቆጥሮ ሰጠው። ሻይ ላይ ያኔ የነበረው ቀረጥ ራስ የሚያዞር ስለነበር መንደሩ በሙሉ ከነ ቄሱ ኮንትሮባንድ ነው የሚጠጣው። አሁን ይህችን ከሌላ ገጽ ጋር አስተያዩአት፣ የቤቱ ዋና ገረድ ደሞዝ በዓመት 5 ፓውንድ ገደማ ነበር። አንድ ከረጢት ሻይ የአንዲት ሴት የግማሽ ዓመት ላብ ይበልጣል ማለት ነው፣ እሱ ግን ሁለቱንም ሳያፍር ሳይኩራራ በአንድ ቀለም ይጽፈዋል፣ ለኛ ደሞ ከዚ የበለጠ ምን ምስክር ይሰጠን።

የአሳማዎቹንማ ሳልናገር አልወርድም። ኤፕሪል 1778 ቤቱ ካለው የቢራ በርሜል አተላውን ሁለት ትልልቅ አሳማዎቹ ጠጡና ሰከሩ፣ መቆም አቅቷቸው ሌሊቱን እንደ ሬሳ ተዘርረው አደሩ፣ እሱ ደሞ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ጆሯቸውን ሰነጠቀላቸው፣ ምንም አልተሰማቸውም ይላል። እማማ ይሄንን ሲሰሙ «አተላ ለከብት ሲሰጥ እኮ ይመጠናል» ብለው ተቆጡ፣ 240 ዓመት ቆይተው ቄሱን ገሰጹት።

ይሄው ሰው ዲሴምበር 21 በመጣ ቁጥር ለአጥቢያው ድሆች ለየአንዳንዳቸው 6 ፔንስ ይሰጣል፣ በገና ሽማግሌዎችን ቤቱ አስገብቶ ያበላል። በዛው ወር መጀመሪያ ደሞ ገበሬዎቹ አስራት ሊከፍሉ ይመጣሉ፣ ግብዣ ያደርግላቸዋል፣ ፓንቹ ወይኑ ይወርዳል፣ በዓመት 400 ፓውንድ ገደማ ገቢው በዚ ነው የሚሞላው። ስድስት ፔኒዋን የሚቀበለው የቀን ሰራተኛ ስለሱ ምን ይል እንደነበር የጻፈ የለም። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ብዕርና ጊዜ የነበረው አስራት ተቀባዩ ጋ እንጂ ከፋዩ ጋ አይደለም፣ እነዚህን መጻሕፍት ስናደንቅ ይሄንን አንርሳ፣ ባለፈው ሰኔ በዚህ ተጣልተን ሁለት ሰው ግሩፑን ለቆ ነበር፣ ተመልሳችኋል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጊልበርት ዋይትን በአጭሩ ነው ማልፈው፣ በቂ ስለተባለለት። ሃምፕሸር፣ ሰልቦርን የሚባል መንደር፣ የገዛ መንደሩ ነው ግን ቪካር ሊሆን አይችልም፣ ደብሩ የሞድሊን ኮሌጅ ነው እሱ ደሞ የሌላ ኮሌጅ፣ የኦሪየል ሰው። ኪዩሬት ሆኖ ወፍ ሲያዳምጥ ኖረ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ሶስት ትናንሽ ወፎችን በዜማቸው ለየ። ንቦች ይሰማሉ አይሰሙም ብሎ ቀፎው ጋ በትልቅ መለከት ጮኸባቸው፣ ንቦቹ ስራቸውን ቀጠሉ። ከአክስቱ የወረሳት ጢሞቴዎስ የሚባል ኤሊ ነበረው፣ ስንት ጊዜ መዘነው፣ ከሞተ በኋላ ሴት ሆና ተገኘች፣ ድንጋይ ልብሷ ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ስለ መንደሩ ተፈጥሮ የጻፈው መጽሐፍ ከ1789 ጀምሮ መታተም አላቆመም። አንዳንዶቻችሁ ቄስ ሆኖ ኤሊ ይመዝናል ወይ ብላችኋል፣ እኔ ደሞ ሰው ቢመዝን ይብስ ነበር እላለሁ።

ሁሉም እንደዚህ ደስተኛ አልነበረም። ኮርንዎል ውስጥ የሞርወንስቶው ቪካር ሆከር ባህር የተፋቸውን መርከበኞች እየለቀመ ይቀብር ነበር፣ ከሱ በፊት ብዙዎቹ አሸዋ ላይ ነው የሚቀሩት፣ በ1842 ካሌዶኒያ የምትባል መርከብ ስትሰበር ሟቾቹን ቀብሮ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ የነበረውን የእንጨት ምስል መቃብራቸው ላይ አቆመ። ሱመርሴት የከሰል ማዕድን ያለበት መንደር ቄስ የነበረው ጆን ስኪነር ደሞ ከምዕመኑም ከልጆቹም እየተጣላ፣ በየቀኑ ቂሙን እየመዘገበ፣ በ1839 ራሱን በጥይት ገደለ፣ ማስታወሻውን ለብሪቲሽ ሙዚየም አውርሶ። ያን ወር ብዙዎቻችሁ ሳትጨርሱት ተዋችሁት፣ እኔም በግድ ነው የጨረስኩት። ብቻውን የቀረ ሰው ዲያሪው ጓደኛ ሳይሆን ክስ መዝገብ ይሆንበታል።

አሁን ወደ ኪልቨርት። በ1865 ክላይሮ ኪዩሬት ሆኖ ገባ፣ ዌልስ ድንበሩ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየዞረ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ወታደር የነበረውን ስለ ጦርነቱ ያስወራዋል። በ1871 አንዲት የቪካር ልጅ ወዶ አባቷን ጠየቀ፣ ገንዘብ የሌለው ኪዩሬት ነህ ተብሎ ተመለሰ፣ በጨዋ ቋንቋ ነው እንጂ ያው ነው። የሚያስጠላ ገጽም አለበት፣ ስለ ትናንሽ ሴት ልጆች የጻፈው ዛሬ ሲነበብ ይቀፋል፣ ዘለን እንለፈው ያላችሁ ነበራችሁ፣ አላለፍነውም፣ ጥሩ አደረግን።

ግን በ1870 የቀዳም ስዑር ማታ የጻፈውን ያህል የጻፈ አላየሁም። ክላይሮ ውስጥ በዛ ቀን ሰው ሁሉ የዘመዱን መቃብር በአበባ ያለብሳል፣ አበባ ሲተከል እስኪመሽ አብሯቸው ቆየ፣ ከዛ ብቻውን ጨረቃዋ ላይ በመቃብሮቹ መሀል ሲሄድ ሙታኑ ለፋሲካ ጠዋት ማልደው ሊነሱ፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጅ የተኙ መሰሉት። ያቺን አንቀጽ ሳነብላቸው አስተማሪዋ አላረሙኝም፣ ዝም አሉ። እኔም ዳቦ ተጋግሮ ዶሮው ተቁላልቶ እናቴ ነጠላዋን ራስጌዋ አድርጋ ጋደም የምትልበት ሌሊት ነው የመጣብኝ።

በነሐሴ 1879 በ38 ዓመቱ አገባ፣ በአምስት ሳምንቱ ሞተ። ሚስቱ የዲያሪውን ከፊል እንዳጠፋች ይነገራል፣ የተረፉት 22 ደብተሮች ከዘመዶቹ ወጥተው ደራሲው ዊልያም ፕሎመር እጅ ገቡ፣ መርጦ ከ1938 እስከ 1940 በሶስት ቅጽ አሳተመው። ከዛ በ1950ዎቹ አንዲት እድሜዋ የገፋ ዘመዱ ቤት የቀሩትን ደብተሮች አጠፋቻቸው፣ የቤተሰብ ገመና ነው ብላ ይሆናል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሶስት ናቸው፣ ሶስት! ሁለቱ የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ።

በክረምቱ ጉዞ የመጣችሁ መቃብሩን አይታችኋል፣ ብሬድዋርዲን። ባሱ ጠባቧ መንገድ ላይ አላልፍ ብሎ ሹፌራችን ሲያላብ፣ እኛ ወርደን በእግር፣ እማማ በዊልቸር። ድንጋዩ ላይ ከዕብራውያን መልእክት ያለው ነው የተጻፈው፣ ሞቶም ይናገራል። ግራና ቀኙ ሁለት እህትማማቾች ተቀብረውበታል፣ ሚስቱ ከ30 ዓመት በኋላ ስትሞት ጎኑ ቦታ ስላልነበረ ራቅ ብላ ነው ያረፈችው። እዛ ቆመን ሳለ ከሌላ አጥቢያ እየመጣች ያለች ቄስ አገኘን፣ ሴት ናት፣ ከ1994 ጀምሮ ሴቶች ይካናሉ፣ ካባዋ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ከእንቁላል ካርቶን ጎን ተጣጥፏል፣ አንድ ራሷን ስንት ቤተክርስቲያን እንደያዘች ጠየቅናት፣ በጣቷ ቆጥራ ሰባት አለች። ዲያሪ ትጽፊያለሽ ወይ ስላት ሳቀች፣ ኢሜይል ነው ምጽፈው አለችኝ።

ስለዚ ዘንድሮ ለድምፅ የማቀርበው አንድ ጉዳይ አለ፣ ከሰዓት ሂሳብ ሹሙ ሪፖርቱን ካሰማን በኋላ። ከናንተ ውስጥ የአባቱ ደብተር፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ድምፅ ተቀድቶ የተላከ ካሴት በጫማ ካርቶን አልጋ ስር ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁለት ሰው እንደውም ቤት ሲቀይሩ ጥለናል ብለውኛል። ማህበሩ ስካነርና ካሴት ማጫወቻ ይግዛ ነው ምለው፣ 180 ፓውንድ በቂ ነው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ኑ። ገመና ያለበትን እዛው አልጋ ስር ተዉት፣ ግን አታቃጥሉት።

ጸሐፊያችን ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው፣ አበቃሁ። ውድፎርድ የመጨረሻውን ቀን የጻፈው ኦክቶበር 17፣ 1802 ነው፣ በጣም ደክሟል፣ ልብሱን መልበስ አቅቶት በሰው ድጋፍ ከደረጃው ወረደ፣ ይሄንን ጻፈና ከስሩ የዕለቱን ምሳ አሰፈረ፣ የበሬ ጥብስ። ከዛ ወዲህ አንድም ቃል የለም፣ በአዲስ ዓመት ቀን ሞተ። የኛው ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ የጾም በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ፣ የፍስክ በቀኝ፣ ዳቦው ላይ ደሞ እማማ ሳይባርኩት ማንም እጁን እንዳይሰድ።