መልሶልሃል አትበሉኝ

እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «የፑል ውድድሩ ሳይጀመር ደንቡን በአጭሩ አስረዳልን» ብለውኛል። ደንቡ ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። እንደማታነቡት ደግሞ አውቃለሁ። ስንት ዓመት አብረን ተጫውተናል፣ አንተዋወቅም እንዴ?

በስቲክ የምንመታትን ነጯን ኳስ ቀዳዳ የከተተ ፋውል እንደሠራ ሕፃንም ያውቃል። በናይን ቦል፣ ማለትም ከ1 እስከ 9 ቁጥር ባላቸው ኳሶች ተጫውተን 9ን በደንቡ ያስገባ ዙሩን በሚያሸንፍበት ጨዋታ፣ ነጯ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ትንሿ ቁጥር በፊት ሌላ ኳስ ከነካች ፋውል ነው። ተመትቶ አንድም ኳስ ካልገባ፣ ከግጭቱ በኋላም አንድም ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ካልነካ ፋውል ነው። ሁለት እግሩን ከመሬት አንሥቶ የመታም እንደዚያው። በነዚህ ተጣልተን አናውቅም።

እኛን የሚያጣላን እጅጌ ነው።

ታሪኩን የሰማችሁ አላችሁ። የሰማችሁትም ዛሬ ከኔው አፍ ስሙት። የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ቀድሞ 7 ዙር ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ እኛ 6 ለ 6 ነን። ዳኛ የለንም። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት «በእጅ ወይም በልብስ ነጯን መንካት ብቻ ነው ፋውል፣ ሌላውን እንተላለፋለን» ተባብለናል። ጠረጴዛው ላይ 5፣ 8 እና 9 ቀርተዋል። ተራው የባለጋራዬ ነው። 5 ቁጥር ወደ መሃል ቀዳዳ መሄድ አለባት፤ 8 ደግሞ መንገዷ ላይ ቆማለች። ድፍን አድርጋ አልዘጋችም። በትንሹ ነው የያዘችው። በትንሹም ይሁን፣ አታሳልፍም።

ሰውዬው ጎንበስ አለ። ተነሣ። ስቲኩን ቾክ ቀባ። ጠረጴዛውን ዞረ። እንደገና ጎንበስ አለ። ሰፊ እጅጌ ያለው ሹራብ ለብሷል። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ኳሱን ትቼ እጅጌውን ነው የማየው። አልቀረም፣ እጅጌው 8ን ዳበሳት። ፈቀቅ አለች፤ ግማሽ ጣት ብትሆን ነው። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ይቅርታ» አለኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነው! ከዚያ በሁለት ጣቱ ያዛትና መለሳት። የት? እሱ «እዚህ ነበረች» ያለበት። «እዚህ ነበረች ወይ?» ብሎ ግን አልጠየቀኝም። «ቆይ» ልል አፌን ስከፍት መትቶ ጨርሷል። 5 ቁጥር በ8 ጎን ሽው ብላ ገባች። ቅድም የተዘጋው መንገድ ተከፍቷል።

እኔ ደነዘዝኩ። እሱ 8ን አስገባ። ቀጥሎ 9ን። እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ነቃ ያልኩት ዋንጫውን ሲያነሣ ነው። ሮጬ የውድድሩ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ሰማኝ፣ ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ መልሶልሃል አይደል እንዴ!»

መልሶልሃል! ወገኖቼ፣ የፑል ኳስ ከጫፍ ጫፍ 57 ሚሊ ሜትር ግድም ናት። መንገድ በትንሹ የያዘች ኳስ 3 ሚሊ ሜትር ብትሸሽ ሌላዋ ታልፋለች። እስቲ 3 ሚሊ ሜትር ሳይስት፣ በዓይን ግምት፣ በሁለት ጣት ኳስ የሚመልስ ማነው? በተለይ ደግሞ መላሹ 3 ሚሊ ሜትሯን አጥብቆ የሚፈልጋት ሰው ሲሆን!

ደንቡ ይህን ድሮ ጨርሶታል። ዳኛ በሌለበት፣ በስምምነት ነጯ ብቻ ፋውል በምትሆንበት ጨዋታ፣ ሌላ ኳስ በስሕተት ብታንቀሳቅስ ፋውል አይደለም። ምርጫው ግን የባለጋራህ ነው። «ትመለስ» ካለ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ቦታዋ ትመለሳለች። «እዚያው ትቆይ» ካለ ትቆያለች። ሳትጠይቀው ከመታህ ፋውል ነው፤ ነጯን አንሥቶ ደስ ያለው ቦታ ያስቀምጣል። ያንቀሳቀስካት ኳስ ሌላ ኳስ ከነካች፣ ወይም በምትህ ላይ ማንኛዋም ኳስ እሷ በነበረችበት ቦታ ካለፈችም ምርጫ የለም፣ ፋውል ነው። ያቺን 5 ቁጥር አስታውሱ። ሁለት ጊዜ ፋውል ነበረች!

እና «ይቅርታ» ካልክ በኋላ ጣትህ የት ነው የሚሄደው? ወደ ኳሷ አይሂድ! ይቅርታ የተጠየቀው ሰው መልስ እስኪሰጥ ይጠበቃል። ኳሷን አንቀሳቅሰህ፣ ፈርደህ፣ ፍርዱን በራስህ እጅ አስፈጽመህ፣ በላዩ ላይ ጨዋ ልትባል? የለም!

የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ አለበለዚያ ከኋላ ሆናችሁ ትናገሩልኛላችሁ። ፋውል የሚጠራው ቀጣዩ ምት ከመመታቱ በፊት ነው። ካለፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እኔ 8 ስትመታም 9 ስትመታም ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ኃላፊው «ረፍዶብሃል» ቢለኝ ኖሮ እውነቱን ነው፤ ኩም ብዬ እመለስ ነበር። «መልሶልሃል» ነው ያለኝ። ያንገበገበኝም እሱ ነው። ስለዚህ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ ስታዩ ተነሡ። «ቆይ» ማለት ነውር አይደለም።

ዘንድሮ ዳኛ ባለበት ጠረጴዛ ሁሉ የትኛውንም ኳስ መንካት ፋውል ነው። እጅጌ፣ ጸጉር፣ የአንገት ሐብል፣ ከእጅ ያመለጠ ቾክ፣ ሁሉም ያው ነው። «አልተሰማኝም» መልስ አይሆንም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ነጯና ሌላዋ ኳስ ለጥቂት ሳይነካኩ ተጠጋግተው ሲቆሙ ቀጥ አድርጎ የሚመታ ሰው ነጯን ሁለቴ ሊነካት ይችላል፤ ፋውል ነው። ቀዳዳ አፍ ላይ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆማ በራሷ ጊዜ የወደቀች ኳስ ትመለሳለች፤ የሚመልሳት ግን ዳኛው ነው። ጨርቁ ላይ ቆማ በራሷ ትንሽ ፈቀቅ ያለች ኳስ በሄደችበት ትቀራለች። በናይን ቦል በተከታታይ 3 ፋውል የሠራ ዙሩን ይሸነፋል። ሁለት ላይ ሳለ ግን ዳኛው ማስጠንቀቅ አለበት፤ ካላስጠነቀቀ ሦስተኛው እንደ ሁለተኛ ይቆጠራል። ዳኞች፣ ይቺን አደራ።

ሰውዬው ዛሬም እዚህ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ እየሳቀ ነው። እጅጌ ጉርድ ለብሶ መጥቷል፤ አይቼዋለሁ። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር ከኔ ጋር ጥሎታል፣ ጠረጴዛ 2። ዳኛ ይመደብልን ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።