ከ24 ሴኮንድ ወዲያ፦ የአሮጌ ሳምፕለርን ሜሞሪ ስለማስፋት

እንደምን አመሻችሁ!

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተነስቶ ሆድ ዕቃው የሚታየው ኪቦርድ ኤንሶኒክ ኤኤስአር-10 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ገበያ ላይ የዋለ ሳምፕለር፣ ማለትም ድምፅ ቀርጾ በቁልፎቹ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ 2 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው። ስልካችሁ ዛሬ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። እኛ ግን በድምፅ እንለካው።

በ16 ቢት (ለአንዱ ልኬት 2 ባይት ማለት ነው)፣ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ሲቀርጽ ለአንድ ሴኮንድ ሞኖ ድምፅ 88,200 ባይት ይፈልጋል። ሒሳቡን ስትሠሩት 2 ሜጋባይት 24 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። በስቴሪዮ ከሆነ 12። አሁን ፒያኖ ልትቀርጹ ተነሳችሁ እንበል። 88 ቁልፍ አለ። ሁሉንም መቅረጽ ስለማይታሰብ በየሦስተኛው ቁልፍ አንድ ድምፅ ትወስዳላችሁ፤ 30 ያህል ቀረጻ መሆኑ ነው። 24 ሴኮንድ ለ30 ሲካፈል ለአንዱ ድምፅ አንድ ሴኮንድ አይደርሰውም። የፒያኖ ወፍራም ክር ግን አንዴ ከተመታ ከ10 ሴኮንድ በላይ ሲያስተጋባ ይቆያል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ወይ ጭራውን ቆርጣችሁ የቀረችውን ቁራጭ በሉፕ ታዞሯታላችሁ። ወይ የመቅረጫውን ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ የድምፁን ጥራት ትሸኛላችሁ። ወይ አንዱን ቀረጻ ለ10 ቁልፍ ትዘረጉታላችሁ፤ ያኔ ላይኛው ቁልፍ እንደ ጫጩት ይንጫጫል፣ ታችኛው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ይኸው መሣሪያ እስከ 16 ሜጋባይት ይሰፋል። 190 ሴኮንድ ማለት ነው፤ ለዚያው ፒያኖ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከ6 ሴኮንድ በላይ ይደርሳል። አስፉት ልላችሁ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ምን እንደምታገኙና ምን እንደማታገኙ ሳታውቁ ካቻቢቴ አታንሱ።

በተደጋጋሚ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሜሞሪ ብጨምርበት ያ የጥንቱ ድምፁ አይጠፋም ወይ?» አይጠፋም። ሜሞሪ ቁጥር የሚያስቀምጥ መደርደሪያ ነው። የሰጠኸውን ቁጥር እንዳለ ይመልስልሃል፣ አያቀጥነው፣ አያወፍረው። የመሣሪያው ጠባይ ያለው ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን ወደ ድምፅ በሚለውጡት ኮንቨርተሮች፣ በፊልተሮቹ፣ እንዲሁም አንዱን ቀረጻ ወደ ሌላ ቁልፍ በሚያሸጋግርበት ስሌት ላይ ነው። እነዚያን ካልነካችሁ ጠባዩ እዚያው ነው።

ይሁንና ጠያቂዎቹ ዝም ብለው አይደለም የሚሰጉት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢ-ሙ ኢሙሌተር 128 ኪሎባይት ነበረው፤ በ8 ቢት አንዱ ቀረጻ 2 ሴኮንድ ገደማ ነበር የሚዘልቀው። የዚያው ኩባንያ ኤስፒ-1200፣ የ1987ቱ፣ ኪቦርድ ባይሆንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጠቅላላ 10 ሴኮንድ ብቻ ነበር ያለው። በዚህ የሚሠሩ ሰዎች ምን አደረጉ? በደቂቃ በ33 ዙር መጫወት ያለበትን ሸክላ በ45 አዙረው ቀረጹት፤ ቦታውን ሩብ ያህል ቆጠቡ። ከዚያ በመሣሪያው ላይ ወደ ትክክለኛው ቅላጼ መልሰው አወረዱት። ስታወርዱት ድምፁ ይሻክራል፣ ዳር ዳሩ ይፈረካከሳል። ያ ሻካራነት በኋላ ሰው ሁሉ የሚወደው ሆነ። እንግዲህ ሻካራው ድምፅ የመጣው ከሜሞሪው እጥረት ነው ብትሉኝ እስማማለሁ፤ ግን በመካከሉ የሰው እጅ አለበት። 16 ሜጋባይት ይዛችሁም ሸክላውን በ45 ማዞር ትችላላችሁ። ማንም አይከለክላችሁም።

ወደ ሥራው እንግባ። በእነዚህ ዓመታት ሳምፕለሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ራም፣ ማለትም የሜሞሪ ቺፕ የተደረደረበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ሲም ይባላል፤ የስልኩ ሲም አይደለም፣ ስማቸው ነው የገጠመው። ባለ 30 ፒን አለ፣ ባለ 72 ፒን አለ። ኤኤስአር-10 ባለ 30ውን ነው የሚቀበለው። አንድ ባለ 30 ፒን ሲም በአንድ ጊዜ የሚያቀብለው 8 ቢት ነው። ስለዚህ ባለ 16 ቢት መሣሪያ ቢያንስ ጥንድ ይፈልጋል፤ ጥንዱም መጠኑ እኩል መሆን አለበት። አንዱን 1 ሜጋባይት፣ ሌላውን 4 አድርጎ ማጣመር አይሆንም። 9 ቺፕ የተደረደረበት ካጋጠማችሁ ዘጠነኛው ስህተት ለመቆጣጠር የተጨመረ ነው፤ አብዛኛው ሳምፕለር ከቁጥር አያስገባውም፣ አይጎዳምም።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላው ነው። መጠኑ፣ ፍጥነቱ፣ ፒኑ ሁሉ ልክ የሆነ ጥንድ ገዛሁ፤ ሻጩም ይሠራል አለኝ። ከተትኩት። መሣሪያው ግማሹን አየ፣ በማግሥቱ ምንም አላየም፣ በሦስተኛው ቀን እየጮኸ ተነሳ። ጥንዱ ጥቂት ቺፕ ብቻ ያለበት፣ ዘግየት ብሎ የተሠራ ዓይነት ነበር። የእነዚህ መሣሪያዎች ራም እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው እንደምታፈስ ጠርሙስ ባለች ኢምንት ካፓሲተር ነው፤ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ካልሞሏት ባዶ ትቀራለች። አዲሶቹ ቺፖች የሚሞሉበት ሥርዓት ከአሮጌዎቹ ይለያል፤ አሮጌው ሳምፕለር ደግሞ የሚያውቀው የራሱን ዘመን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ስትገዙ መጠኑን ብቻ አትጠይቁ። ስንት ቺፕ እንዳለው በዓይናችሁ ቁጠሩ፤ በዚያው ሞዴል ላይ ከሠራው ዓይነት ጋር አስተያዩ።

ስትከፍቱ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉና ጊዜ ስጡት፤ የፓወር ሳፕላዩ ትላልቅ ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ወደዚያ ጥግ እጅ አይገባም። ከዚያ ስታቲክ፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ አለ። ጣታችሁ ላይ ጠብ ሲል የምትሰሙት ንዝረት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ቺፕ ለመግደል ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ እናንተ ጭራሽ የማትሰሙት ይበቃል። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት የመሣሪያውን ብረት አካል ንኩ። ሲሙን አጋድማችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ቀና አድርጉት፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት መቆንጠጫዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። ስታወጡ መቆንጠጫዎቹን እኩል ወደ ውጭ ግፉ። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ፕላስቲክ ደረቅ ብስኩት ማለት ነው። እዚህ ዳር ያለው ሶኬት በላስቲክ የታሰረው ለውበት አይደለም፤ ቸኩዬ የሰበርኩት እኔው ነኝ።

ገብቶ ሠራ እንበል። ሰው የሚረሳው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። ማብሪያውን ስታጠፉ ይህ ሁሉ 16 ሜጋባይት ባዶ ይሆናል። ነገ መልሳችሁ መጫን አለባችሁ። ከምን? 1.44 ሜጋባይት ከምትይዝ ፍሎፒ ብትሉ 12 ፍሎፒ ያስፈልጋል፤ አንዷ ከተበላሸች ፒያኖው ጥርሱን አጥቶ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ምክሬ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ማስቀመጫውን አስተካክሉ። ስካዚ (ዲስክ የሚገናኝበት መስመር) ያለው መሣሪያ ከሆነ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስዲ ካርድ የሚቀበል ምትክ አለ። ከሌለው የፍሎፒውን ቦታ የሚተካ ባለ ዩኤስቢ አለ፤ ፍጥነቱ ያው የፍሎፒ ፍጥነት ነው፣ ግን እንደ ፍሎፒ ቶሎ አይበላሽባችሁም። ራሙ ቀጥሎ ይምጣ።

አሁን ሁለቱን የመጨረሻ ሲሞች ከዚሁ ከፊታችሁ እከታቸዋለሁ። ቀረብ ብሎ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ መክተትም የሚፈልግ ካለ አንዱን እሰጠዋለሁ። ብቻ መጀመሪያ ይህችን ብረት ንኩልኝ።