«ብታደርገውስ?»

እንደምን ከረማችሁ። ታላቅ እህቴ ይህን ዝግጅት «የሬሳ ሰዓት» እያለች እንደምትጠራው ታውቃላችሁ፤ ዛሬስ እውነቷን ነው። ሦስት የሞቱ ወንዶች አሉ፤ አንደኛው በልብ ወለድ ውስጥ፣ ሁለተኛው አዮዋ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት በአውሮፓውያኑ 1900፣ ሦስተኛው ደግሞ እዚሁ እኛ ሰፈር። ሦስቱም ባለትዳር ነበሩ፤ የማወራውም ስለ ሚስቶቻቸው ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ የምታነቡ ሁሉ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሞቱ ማንንም የማያሳዝን አንድ ሰው ይገደላል፤ ከዚያ በኋላ መርማሪው የበደላቸውን ሴቶች እየዞረ ያነጋግራል። አንዷን ደብድቦ ፈትቷታል፣ የአንዷን ገንዘብ በልቶባታል፣ አንዷን አስረግዞ ክዷታል። እያንዳንዷ የደረሰባትን በተናገረች ቁጥር አንባቢው ከንፈሩን እየመጠጠ በልቡ ይመዘግብባታል፤ አብልጣ የተበደለችው አብልጣ ትጠረጠራለችና። ይህን ስሌት ለዓመታት እየወደድኩት አንብቤያለሁ፤ አሁንም አልጠላሁትም፤ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ እየነሣኝ ነው።

እስክትሰለቹ ድረስ ወዳነሣሁላችሁ ወደ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ግላስፔል ልመለስ። ታሪኩን በአውሮፓውያኑ 1916 በተውኔት፣ በ1917 ደግሞ በአጭር ልብ ወለድ መልክ አቅርባዋለች፤ የልብ ወለዱ ርእስ ወደኛ ሲመለስ «የአቻዎቿ ችሎት» ሊባል ይችላል። ጆን ራይት የሚባል ገበሬ አልጋው ላይ አንገቱ በገመድ ታንቆ ይገኛል። ሚስቱ ሚኒ አጠገቡ ተኝታ እንደነበረና እንዳልነቃች ትናገራለች። ወንዶቹ፣ ማለትም ዐቃቤ ሕጉ፣ ሸሪፉ (የአካባቢው የፖሊስ ሹም) እና ሬሳውን ያገኘው ጎረቤት፣ መኝታ ቤቱንና ጎተራውን ሲፈትሹ፣ የጎረቤቱ ሚስት ወይዘሮ ሄልና የሸሪፉ ሚስት ወይዘሮ ፒተርስ ለታሰረችው ሴት ልብስ ሊሰበስቡ ወጥ ቤት ይቀራሉ። እዚያም ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተሰፋ የነበረ የአልጋ ልብስ ያገኛሉ። ስፌቱ ሁሉ ጥንቅቅ ያለ ሆኖ ሳለ አንዱ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ክሩ ይዘበራረቃል። ወይዘሮ ሄል አንዳች ሳትናገር ያንን የተዘበራረቀ ስፌት ትተረትርና መልሳ ትሰፋዋለች። ቀጥሎ በሩ የተገነጠለ የወፍ ጎጆ፣ ከዚያም በአንዲት ቆንጆ ሣጥን ውስጥ፣ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ወፍ ያገኛሉ፤ የገደላት ባልየው እንደሆነ ይገባቸዋል። ዐቃቤ ሕጉ ቤት ሙሉ ሲያስስ የዋለው ሴትዮዋ ባሏን የምትገድልበትን ምክንያት ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ወንዶቹ የማሰሮና የጨርቅ ነገር ብለው በሳቁበት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ወንዶቹ ሲመለሱ ሣጥኗ በወይዘሮ ሄል ካፖርት ኪስ ውስጥ ገብታለች።

ያንን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር እጄን አጨበጭብ ነበር። ሴቶች የጁሪ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ አባል ሆነው መቀመጥ በማይችሉበት ዘመንና ቦታ ሁለት ሴቶች ወጥ ቤት ውስጥ ችሎት ዘርግተው በነፃ አሰናበቱ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ሬሳ። ግላስፔል ታሪኩን ከሜዳ አላመጣችውም። በወጣትነቷ በዲ ሞይን ከተማ ጋዜጠኛ ሳለች የማርጋሬት ሆሳክን ጉዳይ ተከታትላ ዘግባለች። በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 1900 መግቢያ ላይ፣ በሌሊት፣ ጆን ሆሳክ የተባለ ገበሬ በተኛበት በመጥረቢያ ራሱን ተመትቶ ይሞታል፤ ማርጋሬት አጠገቡ ነበረች፤ ሁለት ሳንቃ ሲጋጭ የመሰለ ድምፅ እንደቀሰቀሳትና ገዳዩን እንዳላየች ተናግራለች። የታሰረችው ባሏ በተቀበረበት ቀን ነው። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት ባሏን እንደምትፈራው ለጎረቤቶቿ አስቀድማ ተናግራለች፤ እንዲያግዟት ለምናለች፤ ጎረቤቶቿም የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ብለው ወደ ቤቷ ሸኝተዋታል። በ1901 ፍርድ ቤት ስትቀርብ ግን ያንኑ ልመናዋን እነዚያው ጎረቤቶች በምስክርነት አቀረቡባት። በሕይወት ሳለ ሰሚ ያጣው በደሏ እሱ ሲሞት ዐቃቤ ሕግ እጅ ላይ ወርቅ ሆነ። ተከላካዮቿ ደግሞ ተቃራኒውን ማስረዳት ነበረባቸው፦ ጠቡ ከግድያው ከዓመት በፊት በእርቅ አልቋል፣ ቤቱ ሰላም ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ ነፍሷን ለማትረፍ መበደሏን ማለባበስ ነበረባት ማለት ነው። ጁሪው ጥፋተኛ አላት፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1902 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ከሻረባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ በእርቅ የተዘጋ የቤት ውስጥ ጠብ እንደ ማስረጃ መቅረቡ ነበር። በ1903 በሌላ አውራጃ እንደገና ሲታይ የጁሪ አባላቱ መስማማት አቃታቸውና ማርጋሬት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እስከ ሞተችበት እስከ 1916 ድረስ አልገደልኩም እንዳለች ነው።

በነገራችን ላይ፣ በኛ አገር የአበራሽ በቀለ ጉዳይ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በአውሮፓውያኑ 1996 በአርሲ፣ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለች ተጠልፋና ተደፍራ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። መግደሏን አልካደችም፤ በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ቆሙላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ አሰናበታት። ያኔ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ያ አንቀጽ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቀርቷል። እዚያ ላይ የአበራሽ በደል አልከሰሳትም፤ ተሟገተላት። ስለዚህ የተበደለች ሴት ሁልጊዜ በደሏ ገመድ ይሆንባታል ብዬ መደምደም አልችልም፤ ልደመድም ነበር ግን። አበራሽ አድርጋው ነው የዳነችው። ያላደረገችውስ በምን ትዳን?

እሺ፣ ሦስተኛው ሬሳ።

ለቅሶ ቤት ነበርን። ሟቹን ላስተዋውቃችሁ አልፈልግም፤ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ለዓመታት የደም ግፊት ሲታከም ነበር፤ አንድ ማለዳ ሳይነሣ ቀረ። ሚስቱን ይመታት እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጇን አዝላ በሌሊት የሰው በር ያንኳኳች ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ገመናሽን ሸፍኚ፣ ትዳርሽን አክብሪ ተብላ ተመልሳለች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከዚያ እርቅ ላይ ነበሩ። ንፍሮ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ሽምብራውን ከስንዴው እየለዩ ይበላሉ፤ ሽምብራውን ብቻ። ጎንበስ አሉና ለሁላችንም በሚሰማ ሹክሹክታ «ለመሆኑ ማታ ምን በልቶ ነው ያደረው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። አንድ ሽምብራ ወደ አፋቸው ጣሉና «መነሻ እኮ ነበራት» ብለው ጨመሩ።

እዚህ ድረስ ሆሳክ ነው፤ ከሆሳክ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል፤ ንዴቴም የሚገባኝ ንዴት ነበር። ያልጠበቅሁት ከወዲያ ማዶ የመጣው ነው። በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን፣ ባለሙያ፣ የተማረች ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች «እሺ፣ ብታደርገውስ? ይበለው!» አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑ ውስጥ የሆነ ነገር ለቀቅ አለ፤ ለባለቤቲቱ ወገን ያገኘንላት መሰለን። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ወፏን የደበቁትን ሁለቱን ሴቶች ሳነብ የሚሰማኝ ደስታ፣ ቁርጥ እሱ።

ከዚያ ባለቤቲቱን አየኋት። ሬሳው በነበረበት ክፍል በር ላይ ተቀምጣለች፤ ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ ወይም ሰምታለች። ደረቷን መትታ መትታ ድምፅዋ ተዘግቷል። ለዚያ ሰው ታለቅስ ነበር እኮ። ያንን ማናችንም ከቁጥር አላስገባነውም። አሮጊቷ ሳትገድል አልቀረችም አሉ፣ «ይበለው» ያለችዋ ብትገድልም ደግ አደረገች አለች፤ ሁለቱም ገድላለች አሉ። ልዩነታቸው ፍርዱ ላይ ነው፤ ድርጊቱ ላይ ሁለቱም ተስማምተዋል።

ያንን ቅጽበት በሐሳቤ ስመላልሰው ነው ግላስፔል ላይ ያረፍኩት። እስቲ አስቡት፤ ማርጋሬት ሆሳክ አልገደልኩም ብላ ኖራ አልገደልኩም ብላ የሞተች ሴት ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳን ፍርዱን ሽሮላታል። ሚኒ ራይት ግን ገድላለች፤ ታሪኩ የቆመው በዚያ ላይ ነው፤ ባትገድል ወፏን መደበቅ ትርጉም አይኖረውም። ከሁሉ አብልጦ ያዘነላት ሰው ልብ ወለድ ጽፎ ነፃ ሲያወጣት፣ መጀመሪያ ገዳይ ማድረግ ነበረበት። እኔም ለዓመታት ያጨበጨብኩት ለዚህ ነው።

ምናልባት እያጋነንኩ ይሆናል። ሚኒ ማርጋሬት አይደለችም፤ ደራሲ ከአንድ እውነተኛ ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ፈለገበት የመሄድ መብት አለው፤ መጥረቢያውም ገመድ ሆኗል፣ ከዘጠኝ ልጆች እናት ልጅ የሌላት ሴት ወጥታለች። ደግሞ ያቺ ወይዘሮ ሄል ከወፏ ይልቅ የምታዝነው እዚያ ቤት ጎራ ብላ ባለማየቷ ነው፤ ወንጀሉ እሱ ነው፣ እሱን ማን ይቀጣል ስትል የምትጮኸው ነገር አለ፤ እሱ ክፍል ዛሬም ያስለቅሰኛል። ስለዚህ ታሪኩን ልጥለው አልችልም።

ግን እንዲህ አስባለሁ፦ «እሷ አላደረገችውም፣ ሰውየውም በድሏታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ድንኳኑ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ሁለቱ አብረው የሚቆሙበት ልብ ወለድም አንብቤ እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ገዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ የሴቶቹ በደል ከመጽሐፉ ይጠፋል፤ ሰባት ምዕራፍ ሙሉ ሲነገረን የነበረው ቁስል መርማሪው ወደሌላ ሰው ጣቱን በቀሰረ ገጽ ላይ ዋጋ ያጣል፤ ማንም ተመልሶ ይቅርታ አይጠይቃቸውም። እንዲያውም አንባቢው ሳይቀር ትንሽ ይከፋዋል፣ እሷ ብትሆን ይሻል ነበር ብሎ።

ያቺ «ይበለው» ያለችው ሴት ጓደኛዬ ናት፤ ይህን ዝግጅት ታዳምጣለች። ከክፋት እንዳልተናገረች አውቃለሁ፤ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ከተናገሩት ሁሉ ለባለቤቲቱ የተቆረቆረችው እሷ ብቻ ነች። እና አሁን እሷን ምን ልበላት? አትቆርቆሪላት? እንደሱም አይደለም። ባለቤቲቱንስ ሄጄ፣ ሰዎች ገድላለች ይሉሻል፣ ግማሾቹ ግን ደግ አደረገች ነው የሚሉት ልበላት? አርባው እየደረሰ ነው፤ ሁላችንም እንሄዳለን፣ እነዚያ እናትም ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ለጓደኛዬ ልደውልላት አስቤ…